ባግ ኤንድ ለማን ይገባ ነበር? የሎቤሊያን ነገር እንደገና እንቁጠረው

ጦሳ_ስር (ደሴ)፦
ሰላም ወሎዬዎች። ይህን ክር የከፈትኩት ለጭቅጭቅ ነው፣ ከወዲሁ ልንገራችሁ። ነገሩ በቶልኪን «ዘ ሆቢት» እና «የቀለበቶቹ ጌታ» መጻሕፍት ላይ ያለው የቢልቦ ባጊንስ ቤት፣ ባግ ኤንድ፣ ለማን ይገባ ነበር የሚለው ነው። ሎቤሊያ ሳክቪል-ባጊንስን ሁላችሁም የቢልቦን የብር ማንኪያ ሌባ እያላችሁ ትስቁባታላችሁ። ጃንጥላዋን ይዛ የሰው ቤት የምትለካ አሮጊት። ቶልኪን የሰጣት ጥቂት ገጽ ነው፣ በዚያችም ላይ መሳቂያ አድርጓታል። እኔ ግን የዘር ሐረጉን ስቆጥረው ሴትዮዋ ተበድላለች ባይ ነኝ።

ቆጠራው ይኸውላችሁ። ባልቦ ባጊንስ ሙንጎንና ላርጎን ወለደ። ሌሎችም አሉት፣ ለዚህ ጉዳይ አያስፈልጉንም። ሙንጎ ቡንጎንና ሎንጎን ወለደ። ቡንጎ ቢልቦን፣ ሎንጎ ኦቶን። ኦቶ ሎቤሊያን አግብቶ ሎቶን ወለደ። እንግዲህ ቢልቦና ኦቶ የወንድማማች ልጆች ናቸው፣ አያታቸው አንድ ነው። ቢልቦ ደግሞ አላገባ፣ አልወለደ፣ ወንድም የለው፣ እህት የለው። ታዲያ ቤቱ ለማን ይሂድ? ለኦቶ ነዋ! ከኦቶ በኋላ ለሎቶ።

አሁን ቢልቦ ወራሹ ያደረገውን ፍሮዶን እዩት። ላርጎ ፎስኮን፣ ፎስኮ ድሮጎን፣ ድሮጎ ፍሮዶን ወለደ። ከቢልቦ ጋር የሚገናኘው ባልቦ ላይ ነው። ባልቦ ለቢልቦ ቅድመ አያት፣ ለፍሮዶ ምንዝላት ነው። ይሄን ያህል ርቆ የተወለደ ልጅ መጥቶ፣ ኦቶ ወደ 60 ዓመት ሲጠብቀው የኖረውን ቤት ወሰደ። እናንተ ብትሆኑ አትናደዱም?

ቧንቧ_ውሃ (ደሴ)፦
ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ ይባላል፣ 60 ዓመት ምን አላት አያ።

ለማንኛውም ሎቤሊያ «የአባት ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ» የሚለውን ማንም ሳይነግራት የገባት ሴት ናት። ያውም የአባቷ ቤት ሳይሆን 😂

ሐይቅ_ዳር፦
ቁጭ ብዬ ይሄን ክር አነባለሁ። ቡናው ተጥዷል። ቀጥሉ።

የወረኢሉዋ፦
ጦሳ ስር፣ ወንድሜ፣ ግማሹን ቆጥረህ ግማሹን ዋጥከው። ሲፈጥርህ የአባት ወገን ብቻ ነው እንዴ የሰጠህ?

በእናት በኩል እንቁጠር። የቢልቦ እናት ቤላዶና ቱክ ናት፣ የአሮጌው ቱክ ልጅ። ቤላዶና ሚራቤላ የምትባል እህት አለቻት። ሚራቤላ ፕሪሙላ ብራንዲባክን ወለደች። ፕሪሙላ ፍሮዶን ወለደች። ስለዚህ ቢልቦና የፍሮዶ እናት የእህትማማች ልጆች ናቸው፣ ልክ ቢልቦና ኦቶ የወንድማማች ልጆች እንደሆኑት። ፍሮዶ በአባቱ ባጊንስ ነው፣ በእናቱ ደግሞ ከአሮጌው ቱክ በቀጥታ ይወርዳል። በሁለት በኩል ዘመድ ነው። ኦቶ በቱክ በኩል ጠብታ የለውም።

ቤቱንስ ማን ሠራው? ቡንጎ ለቤላዶና ሠራላት። በማን ገንዘብ? ከፊሉ በራሷ በቤላዶና ገንዘብ። ይሄ መጽሐፉ ላይ በግልጽ ያለ ነገር ነው። የቱክ ገንዘብ ያለበትን ቤት በባጊንስ ሐረግ ብቻ ለክተህ ለኦቶ ትሰጠዋለህ?

እኛ አገር ርስት በእናትም በአባትም ነበር የሚቆጠረው። የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ይሁን ሲባል ርስቱ ቀረ፣ ቆጠራው ግን ከሽማግሌዎቻችን አፍ አልጠፋም። የኛ ቤት አዛውንቶች ወደ አቅኚው አባት ሲወጡ በሴት አያት በኩል ያለፉ እንደሆነ አያፍሩበትም፣ እንዲያውም መሬቱ የተሻለው በየትኛው በኩል ነው ብለው ነው የሚመርጡት። ደሴ ተቀምጠህ ደግሞ! ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ የተባለው በማን ነው? አባቱ ንጉሥ ሚካኤል የወሎ ገዥ ነበሩ፣ አልጋው ግን የመጣው በእናቱ በወይዘሮ ሸዋረጋ፣ በምኒልክ ልጅ በኩል ነው። በአይጠየፍ አዳራሽ በር በኩል ስታልፍ አስታውሰው።

ጦሳ_ስር፦
ኢያሱን ባታነሺው ይሻልሽ ነበር እቴ። መጨረሻውን እያወቅሽ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከአልጋው ወረደ፣ በወሩ ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ተሸነፉ። ያወረዱት ሰዎች ሲመቻቸው አባቱን ነው የቆጠሩበት።

ሎቤሊያም ያደረገችው ይሄንኑ ነው። ፍሮዶን ፊት ለፊት አንተ ባጊንስ አይደለህም፣ ብራንዲባክ ነህ አለችው። ሐረግ ስትቆጥር የቆየች ሴት ንግግር ነው ይሄ። ተሳዳቢ ትመስላለች እንጂ ክርክሯ የውርስ ክርክር ነው።

የወረኢሉዋ፦
እሱንማ ልመጣበት ነበር። የኦቶን ስም ቀስ ብለህ አንብበው። ሳክቪል-ባጊንስ። ሳክቪሉ ከየት መጣ? ከእናቱ ከካሜሊያ ሳክቪል! ደራሲው በአንድ ደብዳቤው ላይ እንደጻፈው ኦቶ በእናቱ በኩል የሳክቪሎች ቤት አለቃ ሆኗል፣ ቢልቦ ሲያልፍ ደግሞ የባጊንሶችን አለቅነት ደርቦ የሁለት ቤት አለቃ መሆን ነበር ሕልሙ። እንግዲህ ባሏ የእናቱን ቤት ወርሶ በስሙ ላይ ለጥፎ ይዞራል፣ እሷ ፍሮዶን የእናትህ ወገን ነህ ብላ ትሰድባለች። በኦቶ ሲሆን የእናት ውርስ ክብር ነው፣ በፍሮዶ ሲሆን ነውር።

ቧንቧ_ውሃ፦
ኧረ ጉድ! 🔥 ጦሳ ስር ውሃ ጠጣ።

ፋይል_አገላባጭ (ኮምቦልቻ)፦
ሥራዬ ከውርስ ፋይል ጋር ነው የሚያውለኝ፣ እስቲ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንየው። ሆቢቶቹ (የመጽሐፉ ድንክ ሕዝቦች፣ እነቢልቦ) አይተዳደሩበትም፣ እኛ ግን ምን ይከለክለናል።

መጀመሪያ ጨረታውን እንያዝ። ቢልቦ በሻየር (በሆቢቶቹ አገር) አቆጣጠር 1341 በሚያዝያ ለጉዞ ወጣ፣ 1342 በሰኔ ተመለሰ። ሲደርስ ዕቃው በሐራጅ እየተሸጠ ነው፣ ኦቶና ሎቤሊያ ክፍሎቹን ይለካሉ። ያለፈው ዓመት ከጥቂት ወር ብቻ ነው። በኛ ሕግ ቁጥር 154 ሰው ጠፋ ተብሎ እንዲወሰን ለመጠየቅ እንኳ ወሬው ከጠፋ 2 ዓመት መሙላት አለበት። ስለዚህ ያ ሐራጅ ገና ጊዜው ያልደረሰ ነው። ቢልቦ የገዛ ዕቃውን ብዙውን በገንዘቡ መልሶ ገዛ፣ በሕይወት አለህ ተብሎ እስኪታመንለትም ዓመታት ፈጀበት። በዚህ ማንኛችንም ቢሮ የለመድን ሰዎች አንገረምም። እኔ ራሴ በሕይወት እንዳለ ማስረጃ አምጣ የተባለ ሰው አውቃለሁ፣ መሥሪያ ቤቱን አልናገርም።

ሁለተኛ፣ ቢልቦ ያለ ኑዛዜ ሞተ እንበል። ልጅ የለውም። ወላጆቹ ሞተዋል፣ ሌላ ልጅም አልነበራቸውም። ስለዚህ ሦስተኛ ደረጃ ላይ እንወጣለን፣ አያቶች ላይ። እዚያ ሲደርስ ውርሱ ለሁለት ይከፈላል፣ ግማሹ ለአባት ወገን፣ ግማሹ ለእናት ወገን። ኦቶ የሚመጣው በአባት ግማሽ ላይ ብቻ ነው፣ እሱንም ብቻውን አይበላውም። የአክስቱ የሊንዳ ተወላጆች አሉ፣ የአጎቱ የቢንጎ ተወላጆች አሉ። ሲሶ በሲሶ ቢካፈሉት ከጠቅላላው አንድ ስድስተኛ ይደርሰዋል። በእናት በኩል ያለው ግማሽ ደግሞ የቱኮች ነው። አሮጌው ቱክ 12 ልጆች ነበሩት! የፍሮዶ ጓደኞች የሜሪና የፒፒን ወላጆች ሳይቀሩ ድርሻ አለን ብለው ይመጣሉ። ፍሮዶም በሚራቤላ በኩል እዚያ ውስጥ አለ።

ጦሳ ስር፣ ሙሉ ቤት ያልከው ለኦቶ ሁለት ክፍልና ጓዳ ነው የሚደርሰው።

ጦሳ_ስር፦
እሺ፣ እሱ ያለ ኑዛዜ ነው። ኑዛዜው ራሱ ግን? 99 ዓመት የሞላው ሽማግሌ ወላጆቹ በጀልባ የሰጠሙበትን ልጅ አምጥቶ ወራሼ ነው አለ። ሎቤሊያ ሸምግሎ ተታለለ ብትል ይፈረድባታል?

ፋይል_አገላባጭ፦
ሰባት ምስክር፣ በቀይ ቀለም የተፈረመ። የሆቢቶች ልማድ የሚጠይቀው ይሄን ነው፣ የተደረገውም ይሄው ነው። ኦቶ ራሱ ወረቀቱን ተቀብሎ በጥንቃቄ አንብቦ እንከን አጣበት። የኛ ሕግ በቁጥር 881 ለግልጽ ኑዛዜ የሚጠይቀው በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት መነበቡን ነው። በምስክር ብዛት ቢልቦ ተርፎታል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፣ ፍሮዶም አለቀቀም።

ጉዲፈቻው ላይ ግን አንድ ነገር አለ። ፍሮዶ የተወለደው 1368፣ ቢልቦ የወሰደው 1389። 21 ዓመቱ ነው። በኛ የቤተሰብ ሕግ ከ18 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ጉዲፈቻ አይደረግም። በሆቢቶች ዘንድ ግን ለአካለ መጠን የሚደረሰው በ33 ነውና ገና 12 ዓመት ይቀረው ነበር። ለማንኛውም ኑዛዜ ካለ ጉዲፈቻው ባይኖርም ጉዳዩ አይፈርስም። ኦቶ ተወላጅ አይደለም፣ እሱን ላለማውረስ ቢልቦ ምክንያት መጻፍ እንኳ አይጠበቅበትም።

የሐርቡው፦
አሰላሙ አለይኩም። ወሎ ተብሎ ተከፍቶ ሸሪዓው ሳይነሳ ሊያልቅ ነው እንዴ? ባለጉዳዮች ከተስማሙ ቃዲ ዘንድም ይኬዳል። እኛ ሰፈር አንዱ ወንድም ቤተ ክርስቲያን አንዱ መስጊድ የሚሄድበት ቤት ሞልቷል፣ የውርስ ነገር ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው የትኛው ፍርድ ቤት ነው።

እና ጦሳ ስር ደስ ይበልህ፣ በፈራኢድ (በእስልምና የውርስ ክፍፍል) ከሄድን ኦቶ ያሸንፋል። ልጅ የለ፣ አባት የለ፣ ወንድም የለ፣ አጎቶቹም ሞተዋል። የአጎት ልጅ፣ በወንድ በወንድ የተያያዘ፣ አሰባ (በአባት ወገን ወራሽ) ነው። እኩል የሚቆመው የቢንጎ ልጅ ፋልኮ ነበር፣ እሱ ደግሞ 1399 ላይ ሞቷል፣ ቢልቦ ከተሰናበተበት ትልቅ የልደት ግብዣ 2 ዓመት ቀድሞ። ፍሮዶ በእናቱ በኩል ያለው ዝምድና አሰባ ባለበት አያስገባውም። በጉዲፈቻ አይወረስም። ወሲያ (ኑዛዜ) ቢጻፍለትም ከሲሶ አያልፍም። ሁለት እጁ ለኦቶ ነው።

ሎቤሊያ ግን ለራሷ ምንም የላትም። ቢልቦ ለሷ የባሏ የአጎት ልጅ ነው።

ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፣ ሁላችሁም ስትከራከሩ አልፋችሁታል። ቢልቦ መቼ ነው የሞተው?

ቧንቧ_ውሃ፦
...

ሐይቅ_ዳር፦
ኧረ በአላህ። አልሞተማ!

የሐርቡው፦
አልሞተም! 111 ዓመቱን አክብሮ ሰው የሚሰውረውን ቀለበቱን ጣቱ ላይ አድርጎ ተሰወረ፣ ከዚያ በኋላ 20 ዓመት ኖሯል። በ131 ዓመቱ በመርከብ ሲሄድም በሕይወት ነበር። በሕይወት ያለ ሰው አይወረስም። ፍሮዶ ያገኘው ሂባ ነው፣ ስጦታ። ጤነኛ ሰው በቁሙ ንብረቱን ለፈለገው ቢሰጥ ሲሶ የሚባል ገደብ የለበትም። ስለዚህ ከላይ ለኦቶ የሰጠሁትን ሁለት እጅ መልሼ ወስጃለሁ። ይቅርታ አያ።

ፋይል_አገላባጭ፦
ጥሩ ቦታ ላይ ነካህ። በኛም ሕግ ውርስ የሚከፈተው በሞት ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ ደግሞ በቁጥር 2443 እንደ ግልጽ ኑዛዜ ካልተደረገ አይጸናም። ሰባቱ ቀይ ፊርማ ለዚህም ይበቃል። ቢልቦ በየትኛውም በር ብትገባ ዘግቶታል። እንደዚህ ያለ ደንበኛ ቢገጥመኝ ክፍያ አልጠይቀውም።

ጦሳ_ስር፦
እሺ ሕጉን ወሰዳችሁት። እኔ ግን ከጅምሩ የጠየቅሁት ሌላ ነው። ሴትዮዋ ተበድላለች ወይ? በወጣትነቷ የገባችበት ቤት ሁሉ ስለዚያ ቤት ሲያወራ ነው ያረጀችው። ባሏ ጠበቀ፣ እሷም ጠበቀች። ወራሽ ነን ብለው ያቀዱት ሁሉ በአንድ ግብዣ ማግሥት ፈረሰ። ቢልቦ ደግሞ ሲሄድ የብር ማንኪያ ሳጥን ስጦታ ብሎ ተወላት፣ ሌባ ነሽ ለማለት። ሀብታም ዘመድ ሲቀልድብህ ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቃል።

ላስታ_ሰማይ (ወልዲያ)፦
ሁላችሁም የቢልቦን ውርስ ትቆጥራላችሁ። እስቲ የሎቤሊያን ውርስ ማን ቆጠረ? የኔ ነገር እሱ ላይ ነው።

ኦቶ 1412 ላይ በ102 ዓመቱ ሞተ። ቤቱን ሳያየው። 1418 ላይ ፍሮዶ ጉዞ ሊወጣ ሲል ባግ ኤንድን ለሎቤሊያ ሸጠላት። ልብ በሉ፣ አልወረሰችም፣ ገዛች። ያ ሁሉ ዓመት የኔ ነው ስትለው የኖረችውን ቤት በገንዘቧ ገዛችው። ጎረቤት ምን እንዳለ ባናውቅም እኔ እሷን ብሆን ክፍያውን ስቆጥር እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ ልጇ ሎቶ መጣ። በደቡብ በኩል የትንባሆ እርሻ ነበራቸው። ሎቶ በዚያ አላቆመም፣ ወፍጮ ቤቱን ገዛ፣ ጠጅ ቤቶችን ገዛ፣ እርሻዎችን ገዛ፣ ምርቱን ወደ ደቡብ አሻገረ፣ ክፉው ጠንቋይ ሳሩማን ከኋላው እንደነበረ ኋላ ነው የታወቀው። ትንሽ ቆይቶ አለቃ ነኝ አለ፣ ከውጭ ዱርዬ አስገባ። አባቱ በዘር ቆጥሮ የሚጠብቀውን ሀብት ልጁ በጉልበት ሰበሰበው፣ መጨረሻውም ያማረ አልሆነም፣ የሳሩማን አገልጋይ ዎርምታንግ ገደለው።

ሎቤሊያ እስር ቤት የገባችው ግን ከዚያ በፊት ነው። ዱርዬዎቹ ባግ ኤንድ ግቢ ላይ መጋዘን ሊሠሩ ጋሪ ጭነው ሲወጡ መንገድ ላይ አገኘቻቸው። ማን አዘዛችሁ አለች። ሻርኪ (ሳሩማንን የሚጠሩበት ስም ነው) ሲሏት ጃንጥላዋን አንሥታ አለቃቸውን ሄደችበት። ከመቶ ዓመት ያለፈች አሮጊት! ጎትተው ወሰዷት። ከነሱ ወገን ሆና ዝም ማለት ትችል ነበር፣ አለቃው ልጇ ነው።

ስትፈታ በፍሮዶ ክንድ ተደግፋ፣ ጃንጥላዋን እንደያዘች ወጣች። ሕዝቡ አጨበጨበላት። በዕድሜዋ ሰው ወዷት አያውቅም፣ አለቀሰች። የልጇን ሞት ስትሰማ ግን ተሰበረች። ባግ ኤንድ አልመለስም አለች። ቤቱን ለፍሮዶ መለሰች፣ ራሷ ወደ ወገኖቿ ወደ ሃርድቦትል ብሬስገርድሎች ሄደች። በሚቀጥለው ፀደይ ሞተች። የቀራትን ገንዘብ፣ የሷንም የሎቶንም፣ ፍሮዶ በግርግሩ ቤታቸው ለፈረሰባቸው ሆቢቶች እንዲያውለው ተናዘዘች።

አሁን በሕግ ቁጠሩልኝ ፋይል አገላባጭ። ሎቶ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ አባቱ ሞቷል።

ፋይል_አገላባጭ፦
እናት ትወርሳለች። ሁለተኛ ደረጃ። የሎቶ ሀብት ከታች ወደ ላይ ነው የወጣው። ከሷ በኋላ የአባት ወገኖቿ ብሬስገርድሎች ነበሩ። እነሱን አልፋ ነው ለፍሮዶ ያደረገችው። ቤታቸው ተቀምጣ!

የወረኢሉዋ፦
ይሄን አላስተዋልኩትም ነበር። በሷ በኩል ካየነው የመጨረሻዋ ሳክቪል-ባጊንስ ናት። ልጅ የላት፣ ባል የላት። የዘር ክርክሩን የጀመረው ቤት እሷ ላይ አለቀ። ጠላቴ ባለችው ልጅ እጅ ንብረቱን አደረገች። አበጋር (የወሎ አስታራቂ ሽማግሌ) ቢገባበት እንኳ ከዚህ የተሻለ ዕርቅ አይወጣም ነበር።

የሐርቡው፦
አበጋር ቢኖራቸው ኖሮ መጀመሪያ ከሐራጁ ማግሥት ነበር የሚያስቀምጣቸው። አንድ ወዳጃ (የዱዓ ጉባኤ) ተቀምጦ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ማንኪያውም ተመልሶ፣ ዱዓ ተደርጎ ያልቅ ነበር። ሆቢቶች ሲበሉ ሲጠጡ ነው እንጂ ሽምግልና የላቸውም።

ጦሳ_ስር፦
ላስታ ሰማይ፣ አመሰግናለሁ። እኔ ልል የፈለግሁት ይሄው ነው፣ መንገዱ ረዘመ እንጂ። ግን አሁንም አንድ ነገር እጨምራለሁ። ቤቱ ከባጊንስ ወጣ እኮ! ፍሮዶ 1421 ላይ ሲሄድ ለሳም ሰጠው። አትክልተኛው! በባልቦም በቱክም አንድ ሐረግ የሌለው ሰው። ኦቶ ይሄን ቢያይ ሁለተኛ ይሞት ነበር።

ፋይል_አገላባጭ፦
እሱም በቁም የተሰጠ ስጦታ ነው። ፍሮዶም አልሞተም። ይሄ ቤት እስካሁን አንድ ጊዜ በትክክል በሞት የተላለፈው ከቡንጎና ቤላዶና ወደ ቢልቦ ሲመጣ ብቻ ነው። ፋይሉ ቢመጣልኝ የሚገርመኝ ይሄ ነው።

ቧንቧ_ውሃ፦
ሳም ስንት ልጅ ነው የወለደው?

ሐይቅ_ዳር፦
13።

የወረኢሉዋ፦
13! በርስት ሕግ ወንዱም ሴቱም እኩል ነው። ኤላኖር የመጀመሪያዋ ናት፣ ዝም የምትል እንዳይመስላችሁ። ባግ ኤንድ ደግሞ ፎቅ አይደለም፣ ሁሉም ክፍል በአንድ ኮሪደር ነው፣ ጥሩዎቹም መስኮት ያላቸው በስተግራ በኩል ያሉት ብቻ ናቸው። መስኮት ያለው ለማን ነው? ጦሳ ስር፣ አዲስ ክር ክፈት፣ እኔ የሴቶቹን ወገን ይዣለሁ።